መኪናዬ ቤት ውስጥ ኃይል መቀበል አቆመች፤ ለማን ነው የማመለክተው?

ጠያቂ፦ ውድ አባላት፣ ከትናንት ማታ ጀምሮ ቻርጀሩን በሰካሁ ቁጥር ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል እንጂ ባትሪው አይሞላም፤ የቀረው 11 በመቶ ነው፣ ነገ ጠዋት ደግሞ ለሥራ መውጣት አለብኝ። መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክሎ ኤሌክትሪክ እንድንገዛ ካደረገን፣ መስመሩንስ ሊያስተካክልልን አይገባም?

የሒሳብ ባለሙያ፦ ጥያቄዎ ከመነሻው ልክ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ለኤሌክትሪክ መኪና የተፈቀደው ድጋፍ የታክስ ነው፤ ኤክሳይስ፣ ሱር ታክስና ተጨማሪ እሴት ታክስ ተነሥተው፣ የጉምሩክ ቀረጡ ተገጣጥሞ ለሚገባ 15 በመቶ፣ በከፊል ለተገጣጠመ 5 በመቶ፣ ተበታትኖ መጥቶ አገር ውስጥ ለሚገጣጠም ዜሮ ሆነ። የነዳጅ አውቶሞቢል ክልከላው የመጣው በ2016 ዓ.ም. ነው። ሁለቱም መኪናው ጉምሩክን እስኪያልፍ ያለውን እንጂ ከቆጣሪ ወዲህ ያለውን የግቢዎን ሽቦ አይመለከቱም።

ባለ አይዲ 4 (የፎልክስዋገን ኤሌክትሪክ መኪና)፦ እንግዲያው መኪናውን ጉምሩክ ወስዶ ይሰካው ማለትዎ ነው?

የገርጂው፦ ወንድሜ፣ ነቅለህ ትንሽ ቆይና መልሰህ ሰካው፤ የእኔ እንዲያ ሲሆን ይለቃል።

መስመር ዘርጊ፦ በማራዘሚያ ገመድ ነው የሰካኸው? ሶኬቱስ ኧርዝ (የመሬት ሽቦ) አለው? ይህን ሳትነግረን መገመት ይከብዳል፤ ሆኖም አብዛኞቹ ተንቀሳቃሽ ቻርጀሮች የመሬት ሽቦ ካላገኙ ኃይል አይለቁም፣ በአሮጌ ቤቶች ደግሞ ሦስተኛው ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። የመሰኪያውን እግሮች ተመልከት፤ ጠቁረው ወይም ዙሪያቸው ያለው ፕላስቲክ ቀልጦ ከሆነ፣ ለሰዓታት 16 አምፒር ሲሸከም ያደረው ቀጭን ሽቦ ነው ጉዳቱ። መፍትሔው ከቆጣሪው አጠገብ ራሱን የቻለ ብሬከር፣ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦና መሬት ውስጥ የተቀበረ የመዳብ ዘንግ ነው።

ባለ አይዲ 4፦ እኔ ሶኬቱ ውስጥ ኑሉን (የመመለሻ ሽቦውን) እና ኧርዙን በቁራጭ ሽቦ አገናኝቼ ወዲያው ሠርቶልኛል።

መስመር ዘርጊ፦ እባክህ ዛሬውኑ አላቅቀው። የኑል መስመሩ አንድ ቀን ቢበጠስ የመኪናው አካል ኤሌክትሪክ ይይዛል፤ በር ሊከፍት የሚነካው ልጅህ ሊሆን ይችላል።

አዲስ አባል፦ ነቅሎ መልሶ መሰካቱን ሞክረኸዋል?

መስመር ዘርጊ፦ ጠያቂ፣ ለዛሬ ወደ ሕዝብ መሙያ ሂድ፤ ግን አስቀድመህ ደውልና ከመኪናህ ጋር የሚገጥም መሰኪያ እንዳላቸው አረጋግጥ። ለቻይና ገበያ የተሠራ ከሆነ መሰኪያው ጂቢቲ የተባለው የቻይና ዓይነት ነው፣ ሲሲኤስ የተባለው የአውሮፓው መሰኪያ አይገባለትም።

የሒሳብ ባለሙያ፦ ለመሆኑ ቤቱ የኪራይ ነው? ዘንጉን ለመቅበርም ሆነ ብሬከር ለመጨመር የአከራይዎ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ወጪውንም ማን እንደሚሸፍን ባለሙያ ከመጥራትዎ በፊት በጽሑፍ ተስማሙ።