«መረብ አልባ» ስሌት፦ ውጥረት ወይስ ጫና?

ተርጓሚዋ፦ የአንድ የሜካኒካል ምሕንድስና ጥናት አጠቃሎ ስተረጉም እዚህ ላይ ቆምሁ፦ «ጠባያቸው በደረጃ በሚለዋወጥ ቁሶች ውስጥ የሚፈጠረው ውጥረት በመረብ አልባ ዘዴ ተሰላ።» «ውጥረት» ያልሁት ለእንግሊዝኛው «ስትረስ» (stress)፣ ማለትም በቁሱ ውስጥ ለሚፈጠረው ኃይል ነው፤ ቃሉ ከወጠረ ስለሚወጣ መጎተትን ብቻ የሚናገር ይመስለኛል፤ እዚህ ግን መጨመቅም መሸራተትም አለ። «ጫና» ካልሁ ደግሞ ከውጭ የመጣ ሸክም ይሆንብኛል። የትኛው ይሻላል?

ዘጎንደር፦ አስቀድሞ «አልባ» ይታረም። በግእዝ «አልቦ» የለውም፣ «አልባ» የላትም ማለት ነው። ዘዴው ወንድ ከሆነ «መረብ አልቦ» ይባል።

የላስታ ልጅ፦ ወላጅ አልባ ስንል ወንዱን ከሴቷ እንለያለን? አማርኛ ቃሉን ከወሰደው በኋላ የግእዙ ጾታ አብሮት አልመጣም።

ዘጎንደር፦ ቅኔ ቤት የቆየ ሰው እንዲህ አይልም።

መሐንዲሱ፦ መምህር፣ ጾታው ይቆይና መረቡን እንይ። በተለመደው በፋይናይት ኤለመንት ስሌት አካሉ በትንንሽ ክፍልፋዮች ይሸነሸናል፤ መረብ የምንለው ይህን ሽንሸና ነው። በዚህኛው ነጥቦች ብቻ ይበተናሉ፤ እያንዳንዱ ነጥብም በዙሪያው ላለው ስፍራ ድርሻ ያዋጣል። ሆኖም ተመራማሪው ቤሊችኮና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1994 ያቀረቡት ዘዴ ድምሩን ለመሥራት ከበስተጀርባ ሕዋሳት፣ ማለትም የመደመሪያ ክፍሎች፣ ይዘረጋል። አትሉሪና ዡ በ1998 ይዘውት የመጡት ዘዴ እነዚያንም ያስቀራል። ለመጀመሪያው «አልባ» ማለት ራሱ ይበዛበታል።

ወለተ ጽዮን፦ እኔ የምቃወመው «በደረጃ» የሚለውን ነው። ደረጃ አንዱ አልቆ ሌላው ይጀምራል፤ እነዚህ ቁሶች የተፈለጉት ግን እንዲህ ያለ ድንበር እንዳይኖር ነው። ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ1984 ሐሳቡን ያነሡት ለጠፈር አውሮፕላን ነበር። ሴራሚክ በብረት ላይ ሲለበጥ ሁለቱ በሙቀት እኩል ስለማይሰፉ ከመጋጠሚያው ይላቀቃል። ስለዚህ አንዱ ፊት ሴራሚክ፣ ሌላው ብረት ሆኖ በመካከል ድርሻቸው ሳይቋረጥ እንዲለዋወጥ አሰቡ።

ዘጎንደር፦ እንግዲያስ «መዓርግ»፤ ሥሩ ዐርገ ነው።

ወለተ ጽዮን፦ መዓርግም ያው መወጣጫ ነው።

ዘጎንደር፦ «ቱሳሔ» ይሁን። በምሥጢረ ሥጋዌ የምንክደው መቀላቀል እዚህ በትክክል የሚፈለገው ነው።

የላስታ ልጅ፦ ቱሳሔ መቀላቀሉን ይነግረናል፤ መጠኑ ከስፍራ ስፍራ መለያየቱን ግን አይነግረንም።

መሐንዲሱ፦ ወለተ ጽዮን ልክ ናት፤ ነገሩ ስሌቱንም ይነካል። ለእያንዳንዱ ክፍልፋይ አንድ ቋሚ ጠባይ ከተሰጠ ያስወገድነው ደረጃ በስሌቱ ውስጥ ተመልሶ ይመጣል፤ በድንበሮቹም ላይ ውጤቱ የሐሰት ዝላይ ያሳያል። በነጥቦች ሲሰላ ግን የቁሱ ጠባይ በሚሰላበት ስፍራ ሁሉ እንዳለ ይነበባል።

ተርጓሚዋ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። «ቀስ በቀስ በሚለዋወጥ» ብዬ አርሜዋለሁ። ስለ ውጥረትና ጫናስ ምን ትሉኛላችሁ?

ዘጎንደር፦ «ቀስ በቀስ» የጊዜ ነው እንጂ የቦታ አይደለም፤ ይህ ሳይታረም ወደ ሌላ አንለፍ።