ባንኮኒ ሥር ሽጉጥ ስለማስቀመጥ፦ በደቡብ አፍሪካ ሱቅ ለምንሠራ ወገኖች

ወንድማችን ሱቁ ለሦስተኛ ጊዜ ከተዘረፈ በኋላ «ሽጉጥ ገዝቼ ባንኮኒው ሥር ላስቀምጥ ወይ?» ብሎ ያቀረበው ጥያቄ በአንድ ቃል ተመልሶ የሚያበቃ አይደለም። ከእኔ በፊት ሐሳባቸውን የሰጡት አብዛኞቹ «እንደ በግ ከመታረድ ይሻላል» በሚል መንፈስ ስለጻፉ፣ በጆሃንስበርግ ዙሪያ ባሉ ሎኬሽኖች (ከከተማ ዳር ያሉ የጥቁሮች መኖሪያ ሰፈሮች) ለብዙ ዓመታት ሱቅ የሠራሁና ሁለት ጊዜ የተዘረፍኩ ሰው እንደመሆኔ ሌላውን ወገን ማሳየት ግዴታዬ መስሎ ተሰማኝ። ንዴቱ አይገባኝም እንዳይባልብኝ አስቀድሜ ልናገር፤ በሁለተኛው ዘረፋ የሽጉጥ አፍ ጆሮ ግንዴ ላይ ተደግኖ የሁለት ወር ድካሜ በአንድ ከረጢት ተጠቅልሎ ሲወጣ ካየሁ በኋላ፣ ለሳምንታት ያህል መሣሪያ ስለመያዝ ብቻ አስብ ነበር።

በመጀመሪያ ፈቃዱን እንመልከት። በ2000 (ዓመቶቹን የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) የወጣው የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግ ቁጥር 60 መሣሪያ የመያዝ ብቃት ማረጋገጫ የሚሰጠው ለደቡብ አፍሪካ ዜጋ ወይም ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ላለው ሰው መሆኑን በግልጽ ይደነግጋል፤ ዕድሜውም 21 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። ስለዚህ የጥገኝነት ጠያቂ ወረቀት ይዞ የሚኖር ሰው፣ ወረቀቱን ስንት ዓመት ሲያሳድስ ቢኖር፣ ሽጉጥ በሕጋዊ መንገድ ሊይዝ አይችልም። የስደተኝነት ዕውቅና ያገኘውም ቢሆን ቋሚ መኖሪያ እስኪያገኝ ድረስ ነገሩ ያው ነው። ወንድማችን በጥያቄው ውስጥ «የሚያገናኘኝ ሰው አለ» ያለው እንግዲህ ሌላ ትርጉም የለውም፤ ያለ ፈቃድ የሚሸጥ መሣሪያ ማለት ነው። ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ ደግሞ እስከ 15 ዓመት እስራት ሊያስከትል ይችላል። ያ መሣሪያ ከአንተ በፊት በማን እጅ እንደነበረና ማን እንደተገደለበትም አታውቅም፤ ጥይቱ በምርመራ ከሌላ ወንጀል ጋር ቢገጥም ሽጉጡን መቼ እንደገዛህ የማስረዳት ጣጣ በአንተ ላይ ይወድቃል።

ቋሚ መኖሪያ ያላችሁ በበኩላችሁ ራስን ለመከላከል የሚሰጠውን ፈቃድ ልትጠይቁ ትችላላችሁ። መሣሪያው ለምን እንደሚያስፈልጋችሁና ሌላ አማራጭ ለምን እንደማይበቃችሁ ማስረዳት ይጠበቅባችኋል፤ ፈቃዱ ለአንድ መሣሪያ ብቻ ሆኖ ለአምስት ዓመት ይቆያል። ሥልጠና መውሰድ፣ ደረጃውን የጠበቀ የብረት ካዝና ማስገጠም፣ ሽጉጡ ቢጠፋ ወይም ቢሰረቅ ማወቃችሁን ተከትሎ በ24 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ ማመልከት ሁሉም ግዴታ ነው። ባንኮኒ ሥር በጨርቅ ጠቅልሎ የሚቀመጥ ሽጉጥ እንግዲህ ፈቃድ ላለው ሰውም ቢሆን የሕግ ጥሰት ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ጉዳይ የመተኮስ መብት ነው፤ እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምናስበውና ፍርድ ቤቱ የሚያስበው አይገናኝም። የደቡብ አፍሪካ ሕግ ራስን የመከላከል መብትን በሚገባ ያውቃል። ጥቃቱ ሕገ ወጥ ከሆነ፣ ከጀመረ ወይም ሊጀምር አፋፍ ላይ ከደረሰ፣ መከላከሉ አስፈላጊና ከአደጋው ጋር የተመጣጠነ ከሆነ፣ አጥቂውን እስከ መግደል የደረሰ ሰው እንኳ ነጻ ሊባል ይችላል። አንዳንዶች «ንብረቱን ለመጠበቅ የገደለ ነጻ ተለቅቋል» እያሉ የሚያወሩት መሠረት የሌለው ወሬ አይደለም። በ1967 የይግባኝ ፍርድ ቤት በወሰነው የቫን ዋይክ ጉዳይ፣ ሱቁ በተደጋጋሚ የተሰበረበት ባለሱቅ በሌሊት የሚገባ ሰው ላይ በራሱ የሚተኩስ ጠመንጃ አጥምዶ፣ የማስጠንቀቂያ ጽሑፍም ለጥፎ ነበር፤ የገባው ሰው ተመትቶ ሞተ፣ ባለሱቁ ግን በነጻ ተለቀቀ። ነገር ግን ያ ውሳኔ ከሕገ መንግሥቱ በፊት የተሰጠ ነው። በ1996 የጸደቀው ሕገ መንግሥት የመኖርን መብት ለማንኛውም ሰው ሰጥቷል፤ ለሌባም ጭምር። በ2002 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በዋልተርስ ጉዳይ እንዳረጋገጠው፣ የሚሸሽ ሰውን ሰርቋል በሚል ምክንያት ብቻ ተኩሶ መግደል አይፈቀድም። ዘራፊው ጀርባውን ሰጥቶ ከበሩ ከወጣ በኋላ የተተኮሰች ጥይት መከላከል መባሏ ይቀርና የበቀል ስም ይሰጣታል። በንዴት ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚተኩሰው በዚያች ቅጽበት ነው፤ እኔም መሣሪያ ኖሮኝ ቢሆን ኖሮ ያን ቀን የምተኩሰው ከረጢቱን ይዞ በሚወጣው ሰው ላይ እንደነበር ለራሴ አልዋሽም።

ሰው ከሞተ በኋላ ስለሚሆነው ነገር ብዙ ሲነገር አልሰማም። ፖሊስ መሣሪያውን ይወስዳል፤ የግድያ መዝገብ ሊከፈት፣ ባለሱቁም ሊታሰር ይችላል። የታሰረ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ ቢኖርበትም፣ በግድያ ለተከሰሰ ሰው ዋስትና በቀላሉ አይገኝም፤ ወረቀቱ ጊዜያዊ የሆነና ቋሚ አድራሻ የሌለው ሰው ደግሞ «አልጠፋም» ብሎ ማሳመን የበለጠ ይከብደዋል። ግድያው ታቅዶ ባይፈጸምም እንኳ፣ ጥፋተኛ ለተባለ ሰው ሕጉ የሚያስቀምጠው ዝቅተኛ ቅጣት በመርህ ደረጃ 15 ዓመት ነው፤ ፍርድ ቤቱ ከዚያ በታች ለመውረድ በቂ ምክንያት ማግኘት አለበት። መከላከሉ ልክ ያለፈ ነበር ቢባል በቸልተኝነት ሰው የመግደል ክስ ሊመጣ ይችላል። ይህ ሁሉ ሲሆን ሱቁን ማን ይከፍታል? ምስክሮቹስ እነማን ናቸው? የሟቹ ጎረቤቶች ናቸው። በዚህ ላይ ቋንቋ የማይችል ሰው በድንጋጤ ውስጥ ሆኖ የሚሰጠው የመጀመሪያ ቃል በኋላ ሊያስተካክለው የማይችለው ማስረጃ ሆኖ ይቀርብበታል። ሕገ መንግሥቱ ለተያዘ ሰው ዝም የማለትና ጠበቃ የማግኘት መብት ሰጥቷልና፣ መሣሪያ ኖራችሁም አልኖራችሁም ይህችን መብት ዕወቋት።

ሦስተኛው ነጥብ ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። በ2015 ጃንዋሪ (በእኛ አቆጣጠር ጥር 2007) በጆሃንስበርግ ሎኬሽን በሶዌቶ፣ ስኔክ ፓርክ በሚባለው ሰፈር፣ የውጭ አገር ዜጋ የሆነ ባለሱቅ ሱቁን ሊዘርፉ ነበር በተባሉ ሰዎች ላይ ተኩሶ የ14 ዓመት ልጅ ሞተ። ባለሱቁ ሶማሌ ነበር። በቀጣዮቹ ቀናት ግን የተሰበረው የእሱ ሱቅ ብቻ አልነበረም፤ ዘረፋው በሶዌቶ ተዛመተ፣ ከሶዌቶም አልፎ ወደ ሌሎች ሰፈሮች ደረሰ፤ ስለተኩሱ ምንም የማያውቁ የኢትዮጵያውያን፣ የባንግላዴሾችና የፓኪስታኖች ሱቆች እስከ መደርደሪያቸው ተወሰዱ፤ ሰውም ሞተ። እኛ በመሐላችን ሐበሻ፣ ሶማሌ፣ ባንግላዴሽ እያልን እንለያያለን። ሕዝቡ በተቆጣ ቀን ግን ሁላችንም አንድ ስም ብቻ ነው ያለን። በዚህ አገር በ2008 በፈረንጆች ከ60 በላይ ሰው የሞተበት፣ በውጭ አገር ሰዎች ላይ የተነሳ ጥቃት እንደነበረ የሚያስታውስ ሰው፣ ከአንድ ሱቅ የሚወጣ ጥይት የት ድረስ ሊሄድ እንደሚችል ሳይገምት ቃታ ሊስብ አይገባውም። «የእኔ ሕይወት፣ የእኔ ሱቅ» የሚለው ሙግት ጎረቤት ሱቅ ያለውን ወገን ሳይጠይቅ የተወሰነ ውሳኔ ነው።

ከእኔ በፊት ሐሳብ ከሰጡት አንዷ እህታችን «ገንዘቡን ሰጥቶም የተገደለ አለ» ብላ ያነሳችው እውነት ነው፤ ይህን ማንም ሊክድ አይችልም። ዘራፊው ሊገድል ቆርጦ የመጣ ከሆነና መውጫ ከሌለ፣ ሰው በእጁ ባገኘው ነገር ሁሉ ነፍሱን ለማዳን መሞከሩ መብቱ ነው፤ እኔም በዚህ ላይ የምከራከረው ነገር የለኝም። ነገር ግን ዘራፊ የሚመጣው ተዘጋጅቶ፣ ከአንድ በላይ ሆኖና መሣሪያውን አውጥቶ ነው፤ ባለሱቁ ግን ሒሳብ እየመለሰ ወይም ጎንበስ ብሎ ዘይት እየቀዳ ነው። ጎንበስ ብሎ መሳቢያ የሚከፍት እጅ ለዘራፊው መተኮሻ ምልክት ይሆነዋል። ከዚህም በላይ በሎኬሽን ውስጥ ሽጉጥ ራሱ የሚዘረፍ ዕቃ ነው፤ ሱቁ ውስጥ መሣሪያ እንዳለ ከተሰማ፣ እርሱንም ፈልገው የሚመጡ ይኖራሉ። ሠራተኛህ ያየው ነገር እስከ መቼ በሠራተኛህ ዘንድ ይቆያል?

ዘራፊን የሚጠራው ምን እንደሆነ ሳንጠይቅ ስለመሣሪያ መከራከራችን ይገርመኛል። ገንዘባችንን ሱቅ ውስጥ ነው የምናሳድረው፤ ባንክ ሒሳብ ለመክፈት ወረቀታችን አስቸጋሪ ስለሆነ ነው ብንልም፣ ከዚያ በላይ ልማድ ሆኖብናል። እቁብ የሚወጣበት ቀን፣ ዕቃ ለመግዛት ወደ ከተማ የምንሄድበት ቀን ለወራት አይለወጥም፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። በእኔ ላይ የደረሱት ሁለቱም ዘረፋዎች የተፈጸሙት በዕቃ መግዣ ዋዜማ ነበር፤ ይህ አጋጣሚ ነው ብሎ ለማመን ሞኝ መሆን ያስፈልጋል። ከሁለተኛው በኋላ የብረት ፍርግርግ አስገጥሜ በመስኮት ብቻ መሸጥ ጀመርኩ፤ በየቀኑ ማታ የሚገኘውን ገንዘብ በተለያየ ሰዓት ከሱቁ አወጣሁ፤ በአንድ መንገድ ላይ ያለን አምስት ባለሱቆችም ገንዘብ አዋጥተን ፈቃድ ያለው የጥበቃ ድርጅት ቀጠርን። የታጠቀው ሰው የሠለጠነ የአገሩ ሰው መሆኑ ምን ያህል ልዩነት እንዳለው ማብራራት አያስፈልገኝም። የሱቁ ሽያጭ በፍርግርጉ ምክንያት በመጠኑ ቀንሷል፤ ይህንን አልደብቅም።

ዘረፋ ከደረሰ በፖሊስ ስልክ ቁጥር 10111 ደውላችሁ ካመለከታችሁ በኋላ የመዝገብ ቁጥር ሳትቀበሉ ከፖሊስ ጣቢያ አትውጡ። «ምን ያደርጉልናል?» የምትሉት ይገባኛል፤ ነገር ግን ያልተመዘገበ ዘረፋ በኋላ ለፈቃድ፣ ለኢንሹራንስም ሆነ ለፍርድ ቤት እንዳልነበረ ይቆጠራል።

ወንድሜ፣ «ያገናኘኛል» ላልከው ሰው ዛሬውኑ ደውለህ አልፈልግም በለው። እሑድ የሚወጣውን እቁብ ደግሞ ዳኛውን አነጋግረህ ቀኑም ቦታውም እንዲለወጥ አድርግ፤ ከሱቅህም ውስጥ አትቀበል። ፍርግርጉን የሠራልኝን ባለሙያ አድራሻ በግል እልክልሃለሁ።