«ጌት» ማለት ሁልጊዜ «አገኘ» ነው?

ጀማሪ_ተርጓሚ፦
ሰላም ለሁላችሁ። መዝገበ ቃላት «ጌት» ለሚለው የእንግሊዝኛ ግሥ መጀመሪያ የሚሰጠው ፍቺ «አገኘ» ነው። ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገባ ግን አይሆንም፤ «ኢት ጎት ዳርክ» ጨለማ አገኘ አይባል ነገር! በተለይ የሚያምታቱት እነዚህ ናቸው። «አይ ጎት ቱ ሲ ኸር» እና «አይቭ ጎት ቱ ሲ ኸር» በምን ይለያያሉ? «አይ ጎት ማይ ካር ፊክስድ» ሲባል መኪናውን የጠገነው ማን ነው? አውቶቡስ «ጌት ኦን»፣ መኪና «ጌት ኢን» የሚባለውስ ለምንድን ነው? አንድ በአንድ ከመሸምደድ የተሻለ ዘዴ ካለ ጠቁሙኝ።

ፊደል_ቆጣሪ፦
ሽምደዳውን ተወው። «ጌት» ለብቻው ባዶ ቃል ነው ማለት ይቻላል፤ ፍቺውን የሚሰጠው ቀጥሎ የሚመጣው ቃል ነው።

ስም ከተከተለው አገኘ፣ ተቀበለ፣ ገዛ ወይም አመጣ ነው። «ጌት ሚልክ» ያለህ ሰው ወተት ገዝተህ ና ማለቱ ነው። ቦታ ከተከተለው ደረሰ ነው፤ «ጌት ቱ ዚ ኤርፖርት» እንደሚባለው። «ሆም»፣ «ሂር» እና «ዜር» ግን «ቱ» አይወዱም፤ «ጌት ቱ ሆም» ስህተት ነው።

ቅጽል ከተከተለው ለውጥን ያሳያል። አማርኛ ለውጡን በግሡ ስለሚጨርሰው ሌላ ቃል አያስፈልገውም፦ ጨለመ፣ ደከመኝ፣ በረደ። ሰው የሚሳሳተው ሁኔታውንና ለውጡን ሲያደባልቅ ነው። ጋብቻን ውሰድ። «አይ ጎት ሜሪድ ኢን 2010» አገባሁ ነው፤ የሠርጉን ጊዜ ይናገራል። «አይ አም ሜሪድ» ባለትዳር ነኝ ነው። ስለዚህ በትዳር 10 ዓመት ሆነኝ ለማለት «አይ ጎት ሜሪድ ፎር ቴን ይርስ» አይሆንም፤ «አይቭ ቢን ሜሪድ ፎር ቴን ይርስ» በል። እዚያው ላይ ሌላ ወጥመድ አለ፦ እኛ «ከእሷ ጋር ተጋባ» ስለምንል «ሜሪድ ዊዝ» እንላለን። ትክክለኛው «ጎት ሜሪድ ቱ ኸር» ነው።

ሰዋስው_በቤቴ፦
መኪናውን የጠገነው ጋራዡ ነው። «አይ ጎት ማይ ካር ፊክስድ» መኪናዬን አሠራሁ፤ «አይ ፊክስድ ማይ ካር» ራሴ ጠገንኩ። መጀመሪያ «ጌት»፣ ቀጥሎ ዕቃው፣ መጨረሻ ላይ የግሡ ሦስተኛ ቅርጽ። «አይ ጎት ፊክስድ ማይ ካር» ብለህ ከገለበጥከው ዓረፍተ ነገሩ ተበላሸ። ፀጉርም እንደዚሁ ነው። «ፀጉሬን ተቆረጥኩ» ለማለት «አይ ከት ማይ ሄር» የሚል ሰው ብዙ ነው፤ ሰሚው ግን መስታወት ፊት ቆሞ ራሱን በመቀስ የቆረጠ ነው የሚመስለው። «አይ ጎት ማይ ሄር ከት» ነው የሚባለው።

ዕቃው ወጥቶ ሦስተኛው ቅርጽ ወዲያው ከተከተለ የእኛ «ተ» ነው፦ «ጎት ፋየርድ» ተባረረ፣ «ጎት ኸርት» ተጎዳ። ይህ አንድ ነገር ሲደርስ እንጂ ላለ ሁኔታ አይሠራም። ቤቱ በዛፍ ተከቧል ለማለት «ዘ ሐውስ ጎት ሰራውንደድ» ካልክ ዛፎቹ በእግራቸው መጥተው የከበቡት ይመስላል። «ኢዝ ሰራውንደድ» በል።

ሰው ሲገባበት ደግሞ «አስ» ይሆናል። «አይ ጎት ሂም ቱ ሳይን» አስፈረምኩት። «አይ ሜድ ሂም ሳይን»ም አስፈረምኩት። የመጀመሪያው በማግባባት ነው፣ ሁለተኛው በግድ። አማርኛው ሁለቱን ስለማይለይ ስትተረጉም «አግባብቼ» ወይም «አስገድጄ» ጨምርበት። «ቱ» የምትገባው «ጌት» ላይ ብቻ ነው፤ «ሜድ ሂም ቱ ሳይን» አይባልም።

ሰፈረኛው፦
የቀሩትን ልጨምር። «አይ ጎት ቱ ሲ ኸር» የማየት ዕድል አገኘሁ ነው፣ «አይቭ ጎት ቱ ሲ ኸር» ላያት ይገባል፣ ግዴታ ነው። ችግሩ በንግግር «ቭ»ን መዋጣቸው ነው። አሜሪካኖች ግዴታውን ብዙውን ጊዜ «ጋራ» ያደርጉታል፤ «አይ ጋራ ጎ» ከሰማህ መሄድ አለብኝ ማለቱ ነው። ካልለየልህ ጊዜውን ተመልከት፦ «የስተርዴይ» ካለበት ዕድል፣ «ቱሞሮው» ካለበት ግዴታ። በአሉታ ግን ፍጹም አይምታታም፦ «ዲድንት ጌት ቱ ሲ ኸር» ሳላያት ቀረሁ፣ «ዶንት ሃቭ ቱ ሲ ኸር» የማየት ግዴታ የለብኝም።

«ጎትን» የሚለው የ«ጌት» ሦስተኛ ቅርጽ የአሜሪካኖች ነው፣ እንግሊዞች ዘንድ ብዙም አትሰማውም። አሜሪካዊ «አይቭ ጎት ኤ ካር» ካለ መኪና አለኝ፣ «አይቭ ጎትን ኤ ካር» ካለ ደግሞ መኪና አገኘሁ ወይም ገዛሁ ማለቱ ነው።

ስለ «ኦን» እና «ኢን»፦ ውስጡ ቆመህ መራመድ ከቻልክ «ኦን»፤ አውቶቡስ፣ ባቡር፣ አውሮፕላን። ጎንበስ ብለህ ገብተህ እዚያው የምትቀመጥበት ከሆነ «ኢን»፤ መኪናና ታክሲ። ታክሲ ስል ላዳውን ነው እንጂ ሚኒባሱን አይደለም! ስትወርድም ከአውቶቡስ «ጌት ኦፍ»፣ ከመኪና «ጌት አውት ኦፍ» ነው። ፈረስና ብስክሌት ላይ ስለምትወጣ «ኦን» ነው።

ጀማሪ_ተርጓሚ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ አሁን ጠራልኝ። «አይ ጌት ኢት»ስ ከየትኛው ይመደባል?

ፊደል_ቆጣሪ፦
እሱማ የእኛው «ገባኝ» ነው፣ ምንም አትጨነቅ። እንዲያውም ቤት ገባ፣ ቃል ገባ፣ ሥራ ገባ፣ ክረምት ገባ፣ ነገሩ ገባው እያልን አማርኛ የሚማረውን ፈረንጅ የምናሰቃየው በ«ገባ» ነው።

ሰዋስው_በቤቴ፦
አንድ ነገር ልጨምር። ለመሥሪያ ቤት ደብዳቤና ለፈተና ድርሰት «ጌት»ን ቀንሰው። «ጎት ዩር ሌተር» የሚለውን «ሪሲቭድ»፣ «ጌት ቤተር»ን «ኢምፕሩቭ»፣ «ጎት ቱ» ለግዴታ የሆነውን «መስት» ወይም «ሃቭ ቱ» አድርገው። «ጎት ሜሪድ»ን ግን አትንካው፤ እሱን በሌላ ቃል ላሳምር ካልክ ዓረፍተ ነገሩ ይደርቅብሃል።