ጢስ ዓባይ ላይ መኪናችን መውጫ አጥታለች፤ እንግዶቻችን አውሮፕላን ሊያመልጣቸው ነው፤ መላ በሉን

እንግዳ ተቀባይ (ጠያቂ)፦
ወገኖቼ፣ አሁን ያለነው ጢስ ዓባይ ነው። ፏፏቴውን አይተን ስንመለስ መኪናችንን ከፊትም ከኋላም ተዘግታ አገኘናት፤ ከፊቷ ዶልፊን፣ ከኋላዋ ቪትዝ ቆመዋል፤ በቀኝ በኩል ደግሞ ቦይ አለ። ባለቤቶቹ ወደ ፏፏቴው የወረዱ ይመስላል፤ አካባቢው ላይ የሚያውቃቸው ሰው አላገኘንም። ከአዲስ አበባ የመጡት አጎቴና ባለቤታቸው ዛሬ በ11 ሰዓት ተኩል አውሮፕላን ይመለሳሉ፤ አሁን 8 ሰዓት ሊሆን ነው። አጎቴ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ብዙ መራመድ አይችሉም። ከባሕር ዳር ክሬን ማስመጣት ይቻላል? ወይስ ሌላ የምታውቁት ዘዴ አለ? እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ።

የጣና ዳር፦
አይዞዎት፤ ነገር ግን ዋና ዋናውን አልነገሩንም። የቆማችሁት ጢስ ዓባይ ከተማ ውስጥ ትኬት መቁረጫው አጠገብ ነው ወይስ ከዚያ አልፋችሁ ወደ ድልድዩ የሚወርደው የእግር መንገድ መነሻ ላይ? የእንግዶቹ ሻንጣ መኪናዋ ውስጥ ነው ወይስ ሆቴል? በግራ በኩልስ ምን አለ? ክሬኑን ግን አያስቡት። ከባሕር ዳር ጢስ ዓባይ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ክሬን ተፈልጎ፣ በዋጋ ተስማምታችሁ፣ ተነሥቶ እስኪደርስ ድረስ የዘጉባችሁ ሰዎች ራሳቸው ተመልሰው ይመጣሉ፤ ቢደርስም በዚያ ጠባብ መንገድ ላይ መዞሪያ አያገኝም።

ማለዳ ተጓዥ፦
በመስከረምና በጥቅምት፣ በተለይም እሁድና በበዓል ቀን፣ ጢስ ዓባይን ማየት የሚፈልግ ሰው ከባሕር ዳር በ12 ሰዓት ተኩል መነሣት እንዳለበት ደጋግመን ተናግረናል። ማልዶ የደረሰ ሰው መኪናውን አፍንጫዋን ወደ መውጫው አዙሮ ያቆማል፣ በቀዝቃዛ አየር ይሄዳል፣ ፏፏቴውንም ሳይጋፋ አይቶ ሌላው ሰው ገና ሲመጣ እሱ ይመለሳል። ረፋድ ላይ የደረሰ ሰው ግን ያገኘው ክፍተት ውስጥ መኪናውን አስገብቶ ይወርዳል፤ ከኋላው የመጣውም እንዲሁ ያደርጋል። አውሮፕላን ያለበት እንግዳ በመመለሻው ቀን ወደ ጢስ ዓባይ መወሰድ የለበትም፤ ይህ ጉዞ ለመጀመሪያው ቀን የሚመደብ ነው።

የድሮ ሹፌር፦
ምክሩ እውነት ነው፤ ለዛሬ ግን አይጠቅማቸውም። ቪትዟ ቀላል መኪና ናት። የእጅ ፍሬኗ የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ነው፤ አውቶማቲክ ሆና ፒ ላይ ከቆመች ደግሞ የፊቶቹም አይንቀሳቀሱም፤ ስለዚህ ወደ ኋላ ገፍቼ አስለቅቃለሁ ማለት ከንቱ ድካም ነው። ሆኖም አራት አምስት ጎልማሶች በኋላ ጎማዎቿ በኩል ይዘው እኩል ብድግ እያደረጉ ወደ ጎን ቢያሳርፏት፣ የፊቷ እንደቆመ ጅራቷ ትዞራለች። መያዝ ያለባቸው የጎማውን ቅስት ነው እንጂ መከላከያውን አይደለም፤ የቪትዝ መከላከያ ፕላስቲክ ስለሆነ ይነቀላል።

ሕግ አክባሪ፦
በዚህ አልስማማም። ባለቤቱ በሌለበት የሰው መኪና ማንሣት ተገቢ አይደለም፤ አጠገቡ ቦይ እያለ ደግሞ አደገኛ ነው። አንዱ ወገን ቀድሞ ቢለቅ መኪናዋ ቦይ ውስጥ ትገባለች፤ የሰው እግርም ከሥሯ ሊውል ይችላል። በመጀመሪያ ባለቤቱን መፈለግ ይገባል። የታርጋውን ቁጥርና የመኪናውን ቀለም ለአንድ አስጎብኚ ይስጡት፤ አስጎብኚዎቹ እርስ በርሳቸው ስልክ ስላላቸው ፏፏቴው መመልከቻ ላይ ወዳለው ባልደረባቸው ይደውላል፣ እሱም እዚያው ይጣራል። ታርጋውን ግን እዚህ አይለጥፉት፤ ሰውየው ያጠፋው የማቆም ጥፋት እንጂ ወንጀል አይደለም።

ቀልደኛው ቀዛፊ፦
ዓባይ ወደ ባሕር ዳር የሚፈስ ቢሆን ኖሮ አጎትዎን በታንኳ አሳፍረን እንሸኛቸው ነበር። እስከዚያው ጥላ ሥር ያስቀምጧቸው፤ ውሃም ይስጧቸው።

እንግዳ ተቀባይ (ጠያቂ)፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ያለነው ወደ ድልድዩ የሚወርደው የእግር መንገድ መነሻ ላይ ነው። መኪናዋ የራሴ ናት፤ የምነዳትም እኔ ነኝ። ሻንጣቸው ባሕር ዳር ሆቴል ውስጥ ነው፤ ክፍሉን ጠዋት ለቀው ሻንጣውን እንግዳ መቀበያው ጋ አስቀምጠዋል። በግራ በኩል አንድ ኮስትር ቆሟል፤ ሰው የለበትም። አንድ ልጅ የቪትዟን ታርጋ ጽፎ ወደ ታች ሮጧል። ሁለት ወጣቶች መኪናዋን እናንሣት ብለውኝ ነበር፤ ቦዩ አስፈራኝና ተውኩት።

የጣና ዳር፦
ኮስትር መኖሩን ቀድመው ቢነግሩን ነገሩ ይቀል ነበር። መንገደኛ ጭኖ የመጣ የኮስትር ሹፌር ከተሳፋሪዎቹ ጋር ወደ ፏፏቴው አይወርድም፤ ወይ የኋላ ወንበር ላይ ተኝቷል፣ ወይ ደግሞ በአቅራቢያው ካለ ቡና ቤት ተቀምጧል። መጀመሪያ መስታወቱን ያንኳኩ። ካልተነሣ ከትኬት መቁረጫው ወዲህ ባሉት ቡናና ምግብ ቤቶች «የኮስትሩ ሹፌር» እያሉ ይጠይቁ። ኮስትሩ አንድ መኪና ያህል ወደ ፊት ቢል በግራ በኩል ይወጣሉ፤ ቪትዟንም ዶልፊኑንም መንካት አያስፈልግዎትም።

የመናኸሪያው ልጅ፦
ባጃጅ ይጥሩ። ከከተማዋ ባጃጅ ይመጣል፤ መኪና የማያልፍበትን ክፍተት እሱ ያልፋል።

ወለላ፦
ሁላችሁም ስለ መኪናዋ መውጣት ትመክራላችሁ፤ አውሮፕላን የሚያመልጠው ግን መኪናዋን ሳይሆን አጎታቸውን ነው። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን እንግዶቹንና መኪናዋን እለያያቸዋለሁ። አጎትዎንና ባለቤታቸውን አሁኑኑ በባጃጅ ወደ ከተማዋ ይላኩ፤ ከዚያ ሚኒባስ በኮንትራት ይያዙላቸው። መደበኛውን ሚኒባስ ሞልቶ እስኪነሣ አይጠብቁ፤ ዛሬ ገንዘብ የሚቆጠብበት ቀን አይደለም። በመንገድ ላይ ሳሉ እርስዎ ለሆቴሉ ደውለው ሻንጣውን በር ላይ እንዲያወጡላቸው ይንገሩ። የበላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ዳር በስተምዕራብ ስለሆነ፣ ከጢስ ዓባይ የሚመጣ መኪና ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ አለበት፤ ይህንንም በሰዓቱ ውስጥ ያስቡት። ከ9 ሰዓት በፊት ጢስ ዓባይን ከለቀቁ በቂ ጊዜ አላቸው። መኪናዋ እስከ ምሽት ብትቆይ ምንም አትሆንም፤ እርስዎ ተረጋግተው ይጠብቋት። ከሽማግሌ ጋር ቸኩሎ በዚያ መንገድ መንዳት ራሱ ሌላ አደጋ ነው።

የመናኸሪያው ልጅ፦
እኔም ባጃጅ ያልኩት ይህንኑ ነው። ባጃጅ ይጥሩ።

የአንዳሳ ልጅ፦
የጠያቂው ችግር ቢያሳዝነኝም፣ ሁልጊዜ ማቆሚያ ጠበበ፣ ማቆሚያ ይስፋ የሚለውን ክርክር አልቀበለውም። ሕዝቡ ለምን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እንደሚጎርፍ እንመልከት። ዓባይ ከጣና ሲወጣ ባሕር ዳር አጠገብ ጨረጨራ ላይ በተሠራው መቆጣጠሪያ ይመጠናል። እ.ኤ.አ. በ1964 የመጀመሪያው፣ በ2001 ደግሞ ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ሥራ ሲጀምሩ ውሃውን ከፏፏቴው በላይ ጠልፈው ከፏፏቴው በታች የሚመልሱ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ2010 ሥራ የጀመረው የጣና በለስ ማመንጫ፣ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው፣ ከሐይቁ በስተምዕራብ ውሃውን በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ይወስዳል፤ ያ ውሃ ወደ ጢስ ዓባይ አይመጣም። በዚህ ምክንያት በበጋ ፏፏቴው ይቀጥናል፤ 400 ሜትር ያህል ሰፍቶ ከ40 ሜትር በላይ ከሚሆን ገደል ሲወርድ የሚታየው ጣና ሲሞላ፣ ማለትም ክረምቱ ሊወጣ ሲል እና በመስከረምና በጥቅምት ነው። ዓመቱን ሙሉ ይከፋፈል የነበረው ጎብኚ ወደነዚህ ጥቂት እሁዶች ተጨመቀ። ለእነዚህ ቀኖች ተብሎ የገበሬ ማሳ ወደ መኪና ማቆሚያ ቢለወጥ በቀሪው ዓመት ባዶውን ይተኛል። ይልቅስ ሰኞ ወይም ማክሰኞ መሄድ የሚችል ሰው በእነዚያ ቀኖች ይሂድ፤ ውሃው ከእሁዱ ጋር አንድ ነው።

የድሮ ሹፌር፦
ስለ ውሃው የተባለው ትክክል ነው። ሠራተኛና ተማሪ ግን ከእሁድ በቀር ቀን የለውም፤ ስለዚህ ቦታ አያስፈልግም ማለት አይቻልም። ማሳ ሳይነካ ከተማዋ ውስጥ መኪና አቁሞ ወደ ድልድዩ መውረጃ በእግር ወይም በባጃጅ መሄድ ይቻላል። ችግሩ ሁላችንም መኪናችንን እስከ መጨረሻው ድረስ ይዘን ካልገባን ደረስን አንልም።

የጢስ ዓባይ ኗሪ፦
እዚሁ የምኖር ሰው ነኝና አንድ ነገር ልናገር። እናንተ ማቆሚያ የምትሉት የእኛ መንገድ ነው። ከወንዙ ማዶ ያሉ ሰዎች እህላቸውን በአህያ ጭነው፣ በሱስንዮስ ዘመን የተሠራውን የድንጋይ ድልድይ ተሻግረው ወደ ገበያ የሚወጡት በዚያው የእግር መንገድ ነው። በእሁድና በበዓል የመንገዱ አፍ በመኪና ሲደፈን ጭነት የያዘች አህያ በመኪኖች መካከል ማለፍ ትቸገራለች፤ መኪና ብትጭር ደግሞ ባለመኪናው ገበሬውን ካሣ ክፈል ብሎ ይይዘዋል። ከማዶ በቃሬዛ የሚመጣ በሽተኛ ወይም ወላድ መኪና የሚጠብቀው እዚያው ነው። እንግዳ እንወዳለን፤ ብዙዎቻችንም ከእንግዳ ነው የምንበላው። የመንገዱን አፍ ብቻ ክፍት አድርጋችሁ ቁሙ። ስልካችሁንም ወረቀት ላይ ጽፋችሁ መስታወቱ ላይ ብትተዉ፣ የዛሬው ዓይነት ነገር ሲመጣ ልጆቹ ደውለው ይጠሯችኋል።

ሕግ አክባሪ፦
ስልክ መስታወት ላይ መተው በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው። ሁላችንም ልንይዘው ይገባል።

ወለላ፦
ጠያቂው ሆይ፣ አጎትዎ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ተነሡ? አሁን ከ9 ሰዓት አልፏል። ምንም ይሁን ምን ይንገሩን።

ማለዳ ተጓዥ፦
ጉልበት ለሚያማቸው ሰዎች አንድ ነገር ልጨምር፤ ቀደም ብዬ ማንሣት ነበረብኝ። በድልድዩ በኩል ያለው መንገድ ድንጋያማ ቁልቁለት ነው፤ ከድልድዩ በኋላ ደግሞ ዳገት ይከተላል። በሌላው በኩል ከፏፏቴው በላይ በሞተር ጀልባ ወንዙን ተሻግሮ በአብዛኛው ሜዳ በሆነ መንገድ ወደ ፏፏቴው መቅረብ ይቻላል። ውሃው ሲበረታ ጀልባ ላይሠራ ስለሚችል ትኬት ሲቆርጡ መጠየቅ ያስፈልጋል። አረጋውያንን በዚያ በኩል መውሰድ ለእነሱም ይቀላቸዋል፤ በድልድዩ መነሻ ያለውንም የመኪና መጨናነቅ ይቀንሳል።

መምህር ከቀበሌ 14፦
ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ሥጋት ገብቶኛል። በሚቀጥለው እሁድ የትምህርት ቤታችንን ተማሪዎች በሁለት ኮስትር ወደ ጢስ ዓባይ እንወስዳለን። ኮስትሮቹን የት ብናቆማቸው ይሻላል? ተማሪዎቹ ከ10 እስከ 13 ዓመት የሆናቸው ናቸው።

የጢስ ዓባይ ኗሪ፦
መምህር፣ ኮስትሮቹ ከትኬት መቁረጫው እንዳያልፉ። ሹፌሮቹ እዚያው ከመንገዱ ወጣ አድርገው፣ አፍንጫቸውን ወደ ባሕር ዳር አዙረው ያቁሙና ቁልፉን ይዘው ከመኪናቸው ሳይርቁ ይቆዩ። ልጆቹ እስከ መውረጃው በእግራቸው ይሂዱ፤ ለእነሱ ቀላል ነው። አንድ መምህር ከፊት፣ አንድ ከኋላ ይሁን። ድልድዩ ላይ በቡድን በቡድን ይለፉ፤ የተጫነች አህያ ከወዲያ ስትመጣ ካያችሁ እስክታልፍ ድረስ ወዲህ ማዶ ጠብቁ፤ ድልድዩ ጠባብ ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ከደረሳችሁ ቦታ አታጡም።

የድሮ ሹፌር፦
መምህር፣ ከመነሣታችሁ በፊት የሁለቱንም ሹፌሮች ስልክ ያዙ። በአንዳሳ በኩል ስታልፉ ከብት መንገድ ላይ ስለሚበዛ ቀስ እንዲሉ ንገሯቸው።