የአባቴን 34 ካሴቶች እንዴት ላድናቸው? እናንተስ ሰሞኑን የትኛውን አልበም እየሰማችሁ ነው?

ጥያቄ፦ ከኮዬ ፈጬ

ሰላም ለሁላችሁ። እርዳታችሁን ፈልጌ ነው።

አባቴ ለረጅም ዓመት የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። የአሰብን መንገድ ተመላልሶበታል። ያኔ መኪናው ውስጥ ይሰማቸው የነበሩት ካሴቶች በአንድ ካርቶን ታጭቀው ነው የኖሩት። ወደ ኮንዶሚኒየም ስንገባ ካርቶኑን ልጥለው ስል "እሱን ብቻ ተይው" አለኝ። ባለፈው ቅዳሜ ቁጭ ብዬ ቆጠርኳቸው፤ 34 ናቸው። ማህሙድ አለ፣ ጥላሁን አለ፣ ብዙነሽ አለች፣ አንድ የበገና አለ። ሰባቱ ላይ ምንም አልተጻፈም።

ጎረቤታችን የድሮ ቴፕ አዋሰችን። ደስ ብሎኝ አንዱን ካሴት ከተትኩ። ሁለት ደቂቃ ያህል ከሠራ በኋላ ድምፁ ተንቀራፈፈ፣ ከዚያ ክሩን በላው። ስከፍተው ጎማው ላይ ተጠምጥሟል። አባቴ ምንም አላለኝም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ሌላ ካሴት ለመክተት እጄ እምቢ አለኝ።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሳላበላሻቸው ወደ ፍላሽ ልቀዳቸው እችላለሁ? የጠየቅኩት አንድ ሱቅ "ካሴቱን ተይውና ዘፈኖቹን ከኢንተርኔት አውርጂ" ብሎ መለሰኝ። ሁለተኛ፣ ጠዋት ጠዋት ከኮዬ እስከ ሜክሲኮ በሃይገር ከአንድ ሰዓት በላይ እሄዳለሁ። እስካሁን ከዚህም ከዚያም አንድ አንድ ዘፈን ነበር የምሰማው። ስልኬ ላይ ማህሙድን ስከፍትለት ግን አባቴ ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል የሚቀጥለውን መግቢያ ከወዲሁ ያንጎራጉራል። ስልኩ ደግሞ ሌላ ዘፋኝ ያመጣበታል። እኔም እንደሱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የምሰማው አልበም እፈልጋለሁ። እናንተ ሰሞኑን ምን ላይ ናችሁ?

መልስ፦ ከቃሊቲ

ልጄ፣ እኔ ቴፕና ሬዲዮ ስጠግን ነው ያረጀሁት። አይዞሽ፣ አብዛኞቹ ይድናሉ። ለጊዜው ግን ካሴት መክተቱን አቁሚ።

ጥፋቱ የካሴቱ ሳይሆን የቴፑ ይመስለኛል። ጎማው ክሩን ወደፊት ይገፋል፣ የሚጠቀልለው ጥርስ ደግሞ ይሰበስበዋል። ቺንጋው ከላላ ጥርሱ አይዞርም። ያኔ ክሩ መሄጃ ያጣና ጎማው ላይ ይጠመጠማል። መጀመሪያ ድምፁ መንቀራፈፉም ይህንኑ ነው የሚነግረኝ። ቺንጋውን አስቀይሪው፤ ትንሽ ነገር ነው።

ከዚያ ጽዳት። ከፋርማሲ አልኮል ግዢ፤ 90 በመቶ ካገኘሽ ጥሩ፣ 70 ከሆነም በደንብ ይድረቅ። ሳኒታይዘር ጄል አይሆንም፣ ይለጠፋል። በጆሮ ማጽጃ ጥጥ ሄዱን (ክሩን የሚያነበውን ብረት)፣ ጎማውን እና ከጎማው ጋር የምትገጥመውን ቀጭን የብረት ዘንግ ጥረጊ። ጥጡ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ቀይሪ። የመጀመሪያውን ሙከራ ለማትሳሺለት ካሴት አድርጊው እንጂ የአባትሽን አትክተቺ።

የተበላውን ክር በጥፍርሽ አትጎትቺው። ቀስ ብለሽ ከጎማው አላቂው፣ ከዚያ ቢክ እስክሪብቶ በቀዳዳው ከተሽ እያዞርሽ አስገቢው። የተጨማደደችው ቦታ ላይ ድምፁ ለሰከንድ ይዋልል ይሆናል እንጂ ዘፈኑ አይጠፋም። ክሩ ከተቆረጠ ተራ ስኮች አትለጥፊበት፤ ሙጫው ወጥቶ ሄዱን ያበላሻል።

የአሰብ መንገድ ማለትሽ አሳስቦኛል። የአፋር ሙቀት ዳሽቦርድ ላይ የተቀመጠ ካሴት ቀፎ ያጣምማል። እያንዳንዱን ጠረጴዛ ላይ አጋድሚው። የሚወዛወዝ ካለ ለይተሽ አስቀምጪ። በብሎን የታሰረ ከሆነ በትንሽ ካቻቢቴ ይከፈታል፣ ሁለቱን ጥቅልሎች እንዳሉ አንስተሽ ወደ ጤነኛ ቀፎ ታዛውሪያለሽ። ስትከፍቺው ከሄዱ ፊት ያለችውን ትንሽ ስፖንጅ እይ። ክሩን ሄዱ ላይ የምትጫነው እሷ ናት። ከወደቀች ድምፁ የታፈነ ይሆናል። ከሌላ የማይረባ ካሴት አውጥተሽ ትተኪያለሽ። ብሎን የሌለውን ግን በቢላ እንዳትፈለቅቂ።

መልስ፦ ከለገጣፎ

ጋሼ የጥገናውን ጨርሰውታል። እኔ ስለ መቅዳቱ ልናገር። የእናቴን ካሴቶች ባለፈው ክረምት ቀድቻለሁ።

ከቴፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ላፕቶፑ የማይክ ቀዳዳ የሚሄድ፣ በሁለቱም ጫፍ ጃክ ያለው ገመድ ይበቃሻል። ላፕቶፕሽ አንድ ቀዳዳ ብቻ ካለው ድምፅ ማስገቢያ ያለው የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ ፈልጊ። ፕሮግራሙ ኦዳሲቲ ይባላል፣ በነጻ ነው። የድምፁን መጠን መጀመሪያ በጣም ጮክ ያለው ቦታ ላይ ለኪው፤ መለኪያው ቀዩን እንዳይነካ። አንዴ ከተሰነጠቀ አይመለስም። አነስ ብሎ ከተቀዳ ግን በኋላ ከፍ ማድረግ ይቻላል።

አንዱን ፊት ሳታቋርጪ እንዳለ ቅጂ። ዘፈን በዘፈን መቁረጡ በኋላ ይደርሳል። ዋናውን በዋቭ፣ ማለትም ድምፁ ሳይጨመቅ፣ አስቀምጪ። የአንድ ሰዓት ካሴት 600 ሜጋባይት አካባቢ ይይዛል፣ ስለዚህ 34ቱ የአንድ አንድ ሰዓት ከሆኑ 32 ጊጋ ፍላሽ ይችላቸዋል። ለስልክሽ ደግሞ በኤምፒ3 ትቀይሪዋለሽ። የእኛ ሰፈር መብራት እንደምታውቂው ነው፤ ላፕቶፑን ሙሉ ቻርጅ አድርገሽ፣ ቴፑንም በባትሪ ድንጋይ ከሠራ በሱ ጀምሪ። እኔ አንድ ካሴት ሦስቴ ከመጀመሪያው ቀድቻለሁ።

ቅደም ተከተሉን በተመለከተ፣ ምንም ያልተጻፈባቸውን ሰባቱን አስቀድሚ። የማህሙድ "እረ መላ መላ" እና ብዙዎቹ የጥላሁን ሥራዎች ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ባዘጋጀው የኢትዮፒክስ የሲዲ ተከታታይ በጥራት ወጥተዋል፤ 7ኛው የማህሙድ ነው፣ 17ኛው የጥላሁን። እነሱ የትም አይሄዱም። ያልተጻፈበት ካሴት ግን ከሬዲዮ የተቀዳ ወይም ከውጭ የተላከ የድምፅ ደብዳቤ ሊሆን ይችላል። በዓለም ላይ ያለው ቅጂ እሱ ብቻ ይሆናል። የላይኛዎቹ ሁለት የፕላስቲክ ጥርሶች ካልተሰበሩ ስበሪያቸው፣ በስህተት እንዳይቀዳባቸው።

መልስ፦ ከሱሉልታ

እህቴ፣ ለሁለተኛው ጥያቄሽ ነው የመጣሁት።

እኔ ሁለት ወር ሙሉ ከኃይሉ መርጊያ "ሸሞንሟናዬ" አልወጣሁም። ጠዋት ከእንጦጦ ጀርባ ጉሙ ሳይነሳ ታክሲ ጥበቃ ስቆም እሱን ነው የምከፍተው። ኃይሉ የዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች ነበር። ባንዱ አሜሪካ ለሥራ ሄዶ እሱ እዚያው ቀረ። ይህን አልበም እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ብቻውን ሠራው። አኮርዲዮን፣ ኪቦርድና የከበሮ ማሽን ብቻ ነው ያለው። በኋላ ለብዙ ዓመት ታክሲ ነዳ፤ ደንበኛ ሲጠብቅ መኪናው ውስጥ ኪቦርድ ይለማመድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 አልበሙ እንደገና ሲታተም ዓለም አገኘው።

አኮርዲዮኑን ልብ ብለሽ ስሚው። የሚዘፍን ሰው የለም፣ ግን አኮርዲዮኑ እንደ ሰው ትንፋሽ ይወስዳል። ዜማውን እንደ እንጉርጉሮ ይጎትተዋል፣ ከሥሩ የከበሮ ማሽኑ ሳይቸኩል ጠብ ጠብ ይላል። መጀመሪያ ቀን ቀዝቃዛ መስሎኝ ነበር። አራተኛው ቀን ላይ አንዱ ዜማ ሌላውን እንዴት እንደሚጠራው ገባኝ። ለአባትሽም ይሆናል፤ ዜማዎቹን ያውቃቸዋል።

ሞቅ ያለ ከፈለግሽ ደግሞ ዋልያሶች እ.ኤ.አ. በ1977 ያወጡት "ቸ በለው" አለ። ሙላቱ አስታጥቄም ተጫውቶበታል። ሰዓት እላፊ በነበረበት ዘመን እንዲህ የሚያስነሳ ሙዚቃ መሠራቱ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ከሴቶች የእጅጋየሁ ሽባባውን "ጂጂ" አልበም፣ የ2001ዱን እ.ኤ.አ.፣ በጆሮ ማዳመጫ ስሚው። ሄርቢ ሃንኮክና ዌይን ሾርተርን የመሰሉ የጃዝ ሰዎች አጅበዋታል፣ እሷ ግን ከጎጃም ዜማዋ ንቅንቅ አላለችም።

መልስ፦ ከቡራዩ

ከሱሉልታዋ ጋር እስማማለሁ፣ ግን ሁሉም ጥሩ ነገር የድሮ አይደለም። እኔ ታክሲ ውስጥ የምሰማው የሮፍናንን "ነጸብራቅ" ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውን። ኤሌክትሮኒክ ነው፣ ሆኖም የአገር ቤት ድምፅ ውስጥ ለውስጥ ይሄድበታል። ኤልያስ መልካ ያቀናበራቸውንም ሞክሪ፤ የዘሪቱ ከበደን የመጀመሪያ አልበም፣ የሚካያ በኃይሉን፣ የኢዮብ መኮንንን። ቤዙን ብቻ እየተከተልሽ አንዴ ስሚያቸው። ኤልያስ ቦታ ይተዋል፤ ድምፃዊው በዚያ ክፍት ቦታ ይገባል።

አንድ ነገር ላክል። የስልክሽን ሹፍል፣ የዘፈኖቹን ተራ የሚያደበላልቀውን፣ አጥፊው። ሌላ ዘፋኝ እንዳያመጣ አልበም ሲያልቅ በራሱ የሚቀጥለውንም አጥፊ። ቤት ዋይፋይ ካለሽ ማታ አውርደሽ ተኚ፣ መንገድ ላይ ኔትወርክ ሲቆራረጥ አልበም አይሰማም።

መልስ፦ ከሰንዳፋ

ስለ በገናው ካሴት ብቻ። ስትቀጂ ጩኸት የሚያጠፋውን የኦዳሲቲ መሣሪያ እንዳትነኪ። በገና አሥር አውታር አለው፣ በአውታሩ ሥር የምትገባው የቆዳ ቁርጥራጭ ናት ያን ርግብግብ የሚል ድምፅ የምትሰጠው። ፕሮግራሙ እሱን እንደ ጩኸት ቆጥሮ ሊነጥቀው ይችላል። ያኔ በገናው ክራር መስሎ ይቀራል። እኔ የአንዱን መምህር ቅጂ እንዲህ አበላሽቼ አዝኛለሁ። በነገራችን ላይ የዓለሙ አጋን የበገና አልበም ለአቢይ ጾም ያዢው።

ጠያቂዋ፦ ከኮዬ ፈጬ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው የመጣሁት፣ ሥራ ላይ ስለነበርኩ።

ቺንጋው ተቀየረ። ጥጡ ጋሼ እንዳሉት ነው፣ ዘጠኝ ጥጥ ጨርሻለሁ። የተበላውን ክር በቢክ አስገባሁት፤ አንድ ቦታ ይዋልላል እንጂ ይሰማል። እስካሁን አሥራ አንድ ቀድቻለሁ። ካልተጻፈባቸው ሰባቱ ሁለቱ ከሬዲዮ የተቀዱ ናቸው፣ ዜና እና ዘፈን ተቀላቅለው። አንዱ ባዶ ነው። አንደኛው ላይ አባቴና ረዳቱ መኪና ውስጥ ሲዘፍኑ ይሰማል፣ ከኋላ ሞተሩ ያጓራል። ሦስቴ አሰማሁት። የረዳቱን ስም ጠርቶ ዝም አለ።

በሃይገር "ሸሞንሟናዬ" ላይ ነኝ። አራተኛው ቀን ያልሽው እውነት ነው።

ማህሙድን ስቀዳ ሁለቱን ፊቶች በአንድ ፋይል አያይዣቸው ነበር። ማታ ስከፍትለት የመጀመሪያው ፊት አልቆ ሁለተኛው ወዲያው ሲጀምር አባቴ ደነገጠ። እጁን ወደ ስልኩ ዘርግቶ ነበር፣ ሊገለብጠው። አሁን ለየብቻ አድርጌያቸዋለሁ። አንዱ ፊት ሲያልቅ ፀጥ ይላል፣ "ገልብጪው" ይለኛል፣ ሁለተኛውን እከፍትለታለሁ።

ጋሼ፣ ሁለት ካሴቶች ተጣመዋል፣ ብሎንም የላቸውም። አንዱ የብዙነሽ ነው። እሁድ ቃሊቲ ይዤልዎት ብመጣ ያዩልኛል?

መልስ፦ ከቃሊቲ

አምጫቸው ልጄ፣ ከቅዳሴ በኋላ ቤት ነኝ። በጨርቅ ጠቅልያቸው። ሃይገሩ ውስጥ ደግሞ ፀሐይ በሚመታው መስኮት በኩል አትያዣቸው።