ሴፍቲኔት «ነጻ ብር» ነው ወይ?

ደጋው፦ ትናንት እዚሁ «ሴፍቲኔት ገበሬውን በነጻ ብር አሰነፈው» የተባለው አናዶኛል። ሴፍቲኔት እኮ የምግብ እጥረት ላለበት የገጠር ቤተሰብ ብር ወይም እህል የሚሰጥ የመንግሥት ፕሮግራም ነው፤ ጉልበት ያለው ግን ሠርቶ ነው የሚያገኘው። አምስት ነፍስ ያለበት ቤት በወር 25 ቀን ለእርከን ሥራ ዶማ ይዞ ይወጣል፤ በነፍስ 5 ቀን፣ ከጥር እስከ ሰኔ። ነጻው የቱ ጋ ነው?

ሞጋች፦ ያልኩት እኔ ነኝ፣ አልመልሰውም። ያለ ሥራ የሚሰጠውን «ቀጥታ ድጋፍ» የሚወስደውስ ምን ሠርቶ ነው?

ደጋው፦ ሽማግሌና ነፍሰ ጡር እርከን ይቆፍሩልህ?

ወይና ደጋ፦ ገበሬውን ብትጠይቁት ቀድሞ የሚነግራችሁ የክፍያውን መዘግየት ነው። ፎርማኑ የያዘው የቀን መቆጣጠሪያ ለልማት ሠራተኛው፣ ከዚያ ወረዳ ግብርና ይሄዳል፤ ፔሮል ተሠርቶ ነው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት የሚደርሰው። የአንድ ቡድን ወረቀት ሲጎድል ሌላውም አብሮ ይቆማል። የመጋቢቱ ብር ሰኔ ላይ ሲመጣ እህሉ በዱቤ ተበልቶ አልቋል። ብሩን ነጋዴው በር ላይ ቆሞ ይቀበለዋል።

ሰቆጤ፦ ለዚህ ነው እህል ይሻላል የሚለው። በ1997 ሲጀመር የቀኑ ክፍያ 6 ብር ነበር። በ2000 ኑሮ ሲንር 8 አደረጉት፣ ገበያው ግን ጥሎት ሄዷል። ብር ይሻለኛል ሲል የከረመው ሁሉ ያኔ ነው እህል ስጡኝ ያለው። በቀን 3 ኪሎ ዋጋ ናረም ወረደም 3 ኪሎ ነው።

ሞጋች፦ እሱም ነጻ እህል።

ደጋው፦ ኧረ በሕግ አምላክ! እርከን በውሃ ልክ ካልወጣ የክረምት ጎርፍ ይንደዋል፣ በዓመቱ ያው ሰው ተመልሶ ይጠግነዋል። ይህን ነው ነጻ የምትለው?

ወይና ደጋ፦ ሰቆጤ፣ እህሉም በሰዓቱ አይደርስም። ከመኪና መንገድ የራቀው የአህያ ኪራይ ከዚያው ላይ ነው የሚከፍለው። ገበያ አጠገብ ያለው ብር ቢመርጥ አይፈረድበትም።

ሞጋች፦ እንዲህ የሚያስመርር ከሆነ «ተመረቅ»፣ ማለትም ራስህን ችለሃልና ከሴፍቲኔት ውጣ፣ ሲባል ለምን ይሸሻል? በሬውን እህቱ ቤት የሚያስር ስንት አለ!

ደጋው፦ በሬ ገዛህ ተብሎ ይሰረዛል፤ ድርቅ መጥቶ በሬው ሲሸጥ ማን መልሶ ያስገባዋል? ደግሞ ኮታው እንዲዳረስ ሰባት ነፍስ ያለበትን ቤት አራት ብሎ የሚመዘግብ ኮሚቴ አለ። ለሰባት ሰው የአራት ሰው እህል ይዞ የሚመረቀው በምን ጥሪቱ ነው?

ሞጋች፦ ኮሚቴውን የመረጠው ሕዝቡ አይደል?

ሰቆጤ፦ በእጅ ማውጣት! ሊቀመንበሩ እያየው ማን እጁን ያወርዳል?

ወይና ደጋ፦ ቅሬታ ሰሚ አለ እኮ።

ሰቆጤ፦ አለ። ግማሾቹ እዚያው መዝጋቢው ኮሚቴ ውስጥ ናቸው።

ወይና ደጋ፦ የትኛው ቀበሌ? ስም ጥራ እንጂ በጅምላ አታውራ።

ሰቆጤ፦ ስም ጠርቼ ዘመዶቼን ላሰርዝ?