የዕቅድ ውይይት፦ ስለ መጀመሪያዎቹ አቶሚክ ቦምቦች የሚቀርበው የጋራ ዐውደ ርእይ

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ዓርብ ለቦርዱ ይቀርባል። ዓላማው በጉባኤ የተወሰነው ነው፤ ሂሮሺማና ናጋሳኪ ላይ የተጣሉት ቦምቦች ከቀደማቸው የአየር ድብደባና ኋላ ከመጣው የሃይድሮጂን ቦምብ ጋር ሲነጻጸሩ ምን ያህል እንደሆኑ በአራት ሰሌዳዎች ማሳየት።

የፊዚክስ መምህር፦ የመጀመሪያው ሰሌዳ ከቶኪዮ ካልተነሣ ገንዘቡ ባክኗል። እዚያ 279 ቢ-29 የተባሉ የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች በአንድ ሌሊት ያዘነቡት ተቀጣጣይ ቦምብ 41 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል አቃጥሎ ወደ 100,000 ሰው ፈጅቷል። ሂሮሺማ ላይ የወደመው 12 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም፣ ያወደመው ግን አንድ አውሮፕላን የጣለው አንድ ቦምብ ነው፤ በውስጡ ከነበረው 64 ኪሎ ግራም ዩራኒየም የተሰነጠቀው አንድ ኪሎ እንኳ ሳይሞላ የ15,000 ቶን ቲኤንቲ (የተለመደ ፈንጂ) ያህል ኃይል ሰጥቷል።

የታሪክ መምህር፦ ከዚያ በፊት ርእሱ ይታረም። «ነሐሴ 6 ቀን 1945» የሚለው የፈረንጅ ቀን በእኛ ወር ስም የተጻፈ ነው። ሂሮሺማ የተመታችው ሐምሌ 30 ቀን 1937 ዓ.ም. ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ንድፉ ተከፍሎበታል። ዓለም በሚያውቀው ቀን ይቆይ።

የታሪክ መምህር፦ ያለፈው ዓመት በራሪ ጽሑፍ ያደረሰብንን ውርደት ገንዘብ ያዡ ረስተውት ከሆነ እኛ አልረሳንም። በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 6 ቀን 1945 ሶቪየት ኅብረት 400 ኪሎ ቶን (የ400,000 ቶን ቲኤንቲ ያህል) የሚሆነውን ቦምቧን ሰሚፓላቲንስክ ላይ የሞከረችበት ቀን ነው። ስለ ቦምብ በሚያወራ ሰሌዳ ላይ የሌላ ቦምብ ቀን ልንለጥፍ ነው?

ገንዘብ ያዥ፦ ይህ ለማሸማቀቅ የተፈለገ አጋጣሚ ነው። የእርማቱን ወጪ ተቃዋሚው ይሸፍኑ።

የፊዚክስ መምህር፦ ሁለቱንም ቀን ጽፋችሁ ወደ ቁም ነገሩ ተመለሱ። በ1954 (እንደ አውሮፓውያን) በፓስፊክ ውቅያኖስ ባለችው ቢኪኒ ላይ የፈነዳው የአሜሪካ ሃይድሮጂን ቦምብ ካስል ብራቮ 15 ሜጋ ቶን (15,000 ኪሎ ቶን)፣ ማለትም ከሂሮሺማው 1,000 እጥፍ ነበር፤ ሆኖም የፍንዳታው ግፊት የሚደርስበት ርቀት የሚያድገው በኃይሉ ኪዩብ ሩት (10 × 10 × 10 = 1,000 ስለሆነ የ1,000 ኪዩብ ሩት 10 ነው) ልክ ስለሆነ በ10 እጥፍ፣ የሚወድመው ስፋት ደግሞ በ100 እጥፍ ብቻ ይጨምራል። ይህን ያልያዘ ንጽጽር ማስፈራሪያ እንጂ ትምህርት አይሆንም። ለመሆኑ የናጋሳኪን ካርታ እሠራለሁ ያሉት አባል የት ገቡ? ቦምቡ 21 ኪሎ ቶን ሆኖ ሳለ ኮረብቶቹ ከፈነዳበት ከኡራካሚ ሸለቆ ውጭ ያለውን ከተማ እንዴት እንደከለሉት ያለ ካርታ አይታይም።

ጸሐፊ፦ መልስ አልሰጡም። የቶኪዮውስ ቀን በየትኛው ይጻፍ?

የታሪክ መምህር፦ የካቲት 30 ለመጋቢት 1 ቀን 1937 ዓ.ም. አጥቢያ። በቁጣ የተናገርኩት ስለ በራሪ ጽሑፉ እንጂ ስለ ገንዘብ ያዡ አልነበረም። ሁሉንም ፍንዳታ በሁለቱም አቆጣጠር የሚያሳይ ሠንጠረዥ ዛሬ ማታ አዘጋጃለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ ሠንጠረዡ አንድ ሙሉ ሰሌዳ ይወስዳል፤ ያለን ገንዘብ ለአራት ብቻ ነው። እንግዲያው የቶኪዮው ይቅር።

ሰብሳቢ፦ ሠንጠረዡ በመጀመሪያው ሰሌዳ ይግባ፤ የቶኪዮው አኃዝ ከግርጌው በአንድ መስመር ይጻፍ።

የፊዚክስ መምህር፦ እንግዲህ የምናሳየው የቀን መቁጠሪያ ነው። ስሌቱ ያለበት ሰሌዳ ከተነካ ስሜ ከረቂቁ ይውጣ።